የራግቢ ሽማግሌዎች

አጎቴ ጁነዲን ጀነትን ለማግባት መጀመሪያ ራግቢ ማሸነፍ እንዳለበት የነገረኝ ሰው የለም። ራሴ ነኝ የደረስኩበት። አስራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ አንድ ነገር ደረስኩበት ካልኩ ማንም አያስለቅቀኝም ነበር። አሁንም ቢሆን ቀላል አይደለሁም።

ማስረጃ ነበረኝ። ኮሮና አንድ ሙሉ የጨዋታ ዘመን ከበላ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 2021 ጸደይ፣ የአጎቴ ክለብ እንደገና ሜዳ ገባ። በዚያው ሰሞን እናቴ ሞሚና ከኒው አልባኒ የመጋዘን ሥራዋ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ስልኳን ይዛ መታጠቢያ ቤት መግባት አመጣች። የአፓርታማችን በር ደግሞ ከካርቶን አይሻልም። «ጋሽ ሰልማን እምቢ ብለዋል» ስትል ሰማሁ። «ፊቱን አይተው ነዋ» ስትል ሰማሁ። «በየሳምንቱ ተደብድቦ ለሚመጣ ልጅ እኔስ ምን ብዬ ልከራከር» ስትልም ሰማሁ። ነገሩ ተገጣጠመልኝ። አጎቴ በየቅዳሜው ተሸንፎ፣ ዓይኑ ጠቁሮ፣ ከንፈሩ አብጦ ይመጣል፤ የጀነት አባት ጋሽ ሰልማን ደግሞ ለተሸናፊ ልጃቸውን አይሰጡም። አንድ ጊዜ ብቻ ማሸነፍ አለበት።

ክለቡ ግን አያሸንፍም።

እውነቱን እዚሁ ላስቀምጠው፤ ሰው ማንጠልጠል አልወድም። ጁነዲን ከኮምቦልቻ በዲቪ ብቻውን ነው የመጣው። እዚህ ያለችው ዘመድ እናቴ ብቻ ነች። አባቴ ከእሷ ከተለያየ ቆይቷል፤ እሱን ሽማግሌ አድርጎ መላክ አይታሰብም። እናቴ የመስጊድ ትልልቅ ሰዎችን ለመነች። «ልጁን አናውቀውም» አሏት። «ደግሞ ለጁምዓ ሲመጣ አንድ ዓይኑ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ለማናውቀው ተደባዳቢ ዋስ ሆነን አፋችንን አናበላሽም።» ጋሽ ሰልማንም ያሉት ስለ ማሸነፍ አልነበረም። ያሉት «ይህ ልጅ ሰው የለውም። ነገ ቢወድቅ ልጄ ማንን ትጠራለች?» ነው። የሚልከው ሽማግሌ ካላገኘ ጀነትን አያገኝም ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ ግን ነጥብ እቆጥር ነበር።

አጎቴን ወደ ራግቢ ያስገባው ያደታ የሚባል የመጋዘን ጓደኛው ነው። አንድ ቀን ካርቶን ሲጭኑ አይቶት፣ «ትሮጣለህ?» አለው።

«ከማን ነው የምሮጠው?»

«ከሁሉም።»

በዚህ ነው የገባው። ጀነትን ያገኛትም በዚሁ ሰበብ ነው፤ የምትሠራበት ፋርማሲ ፋሻና የቁስል ቅባት ሊገዛ ስለሚመላለስ፣ በመጨረሻ እሷው «ቤትህ ሰላም ነው?» ብላ ጠየቀችው።

እናቴ ጨዋታውን አምርራ ትጠላው ነበር። «ማነው የመታህ?» ትለዋለች በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ፊቱ ላይ እየያዘች።

«ማንም አልመታኝም። ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ? ጨዋታ ሰው ያስቃል።»

ሐሳቧን ያስለወጣት አንድ ነገር ነው። በራግቢ ደንብ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ባለሜዳው ክለብ እንግዳውን ክለብ ያበላል። ጁነዲን ይህን ሲነግራት ፎጣውን አወረደች።

«የደበደቧችሁን ሰዎች ታበላላችሁ?»

«እኛ ጋ መጥተው የለ?»

ይህኛው ገባት። ከዚያ «ምንድነው የምታበሏቸው?» አለች። ሆት ዶግ ሲላት ተነስታ ወደ ኩሽና ሄደች። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ መኪናችን ሩዝ በሥጋ ይሸታል። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ትኩሱን ትሪ በጉልበቴ ይዤ እሄዳለሁ።

ሜዳው ከክሊቭላንድ አቬኑ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ የሕዝብ መናፈሻ ነው። ከሰው ይልቅ የዝይ ነው። ሣሩ ላይ የዝይ ኩስ፣ መሃሉ ላይ ዝናብ የጠራቀመው ኩሬ፣ ጥግ ላይ አንድ የፕላስቲክ ሽንት ቤት። ተጫዋቾቹ የጡንቻ ቅባት ስለሚለቀለቁ አየሩ ራሱ ዓይን ያቃጥላል። አሠልጣኙ ዴል የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳ ቀጭን ሰው ነው፤ ሲናገር ሁልጊዜ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ከፊት መስመር የሚገፋው ብራያን ኤሌክትሪሻን ነው፤ አንገት የለውም። እኔን «ቦስ» ይለኛል፤ ምግቡን የማድለው እኔ ስለሆንኩ።

ጋሽ ሰልማን የመጡት ግንቦት ውስጥ ነው። ጀነት «ሂድና በዓይንህ እየው፣ ጨዋታ ነው» ብላ ነዝንዛቸው ነበር። ኮት ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ከመስመሩ ዳር ቆሙ። እናቴ ሄዳ ሰላም አለቻቸው። እኔ አልሄድኩም። ጠላት መጣ ነው ያልኩት፤ አጎቴ ሲሸነፍ ሊያይ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ግን የማይታመን ነገር ሆነ። አጎቴ ኳሷን ይዞ በዳር በኩል አመለጠ። ሮጠ፣ ሮጠ፣ ነጥብ የሚያስቆጥረው መድረሻ መስመር ጋ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቀይ ጺም ያለው የተጋጣሚው አምበል እግሩን ይዞ ጣለው። ከዚያ ሁሉም መጥተው ላዩ ላይ ተከመሩ፤ የእኛ ከዚህ፣ የእነሱ ከዚያ፣ ይገፋሉ፣ ያቃስታሉ። በራግቢ ይህ የተለመደ ነው። ሰው ኳሷ ላይ ይከመራል፣ ኳሷ በሆነ በኩል ትወጣለች፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ከመስመሩ ዳር የሚታጠፍ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ቺፕሳቸውን መብላት እንኳ አላቆሙም።

ጋሽ ሰልማን ዞር ብለው አዩአቸው።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?» አሏቸው በአማርኛ። «ሰው ከሥር እየታፈነ ቁጭ ብላችሁ ትቆረጥማላችሁ?»

አንዷ ሴትዮ ፈገግ ብላ ቺፕስ ዘረጋችላቸው። ጋሽ ሰልማን ከዚያ ወዲያ አልጠበቁም። ኮታቸውን ሰብስበው፣ በኩሬው መሃል አልፈው ሜዳው ገቡ።

«ተው! ተው ብያለሁ! በአላህ ተላቀቁ!»

ከዘራቸውን በሁለት ትከሻ መሃል ሰክተው አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ማለት ጀመሩ። ባለቀይ ጺሙን በአንገትጌው ይዘው አነሱት። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ከዚያ ምን እንደሚል ጠፋው። በራግቢ ሕግ ውስጥ ስለ ገላጋይ የተጻፈ የለም። ሰው ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ። ከክምሩ ሥር አጎቴ ብቅ አለ፤ ከፀጉሩ እስከ ጥርሱ ጭቃ፣ ኳሷን እንዳቀፈ። ቀና ሲል አማቴ ይሆናሉ የሚላቸው ሰው የተጋጣሚውን አምበል አንቀው ቆመዋል።

ኳሷን አስቀመጠ። ተነሳ። ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አሰላሙ አለይኩም» አለ።

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ ጋሽ ሰልማን ሰውዬውን ሳይለቁ። «ተጎዳህ?»

«አልተጎዳሁም፣ ጋሼ።»

«ይሄስ?»

«እሱም አልተጎዳም። ወዳጄ ነው።»

ጋሽ ሰልማን ባለቀይ ጺሙን ከላይ እስከ ታች አዩት። ቀስ ብለው ለቀቁት፤ አንገትጌውንም አስተካከሉለት።

በዚሁ የጨዋታው ሰዓት አለቀ። ኳሷ ከመስመሩ አንድ እርምጃ ቀርታ አለቀ። እኔ ንዴት አፈነኝ።

«ሆን ብለው ነው» አልኳት እናቴን። «ሊያሸንፍ ሲል ነው የገቡት።»

«ዙልፋ፣ በሰላሳ ነጥብ ሲመሩን ነበር እኮ።»

«ሶ ዋት?» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትንም እንደ ክፋት ነው ያየሁት። ምግብ ሲቀርብ ጋሽ ሰልማን አልሄዱም። የእኛን አምበልና ባለቀይ ጺሙን እጅ ለእጅ ይዘው አመጡና ከአንድ ሳህን እንዲበሉ አደረጓቸው፤ ሁለቱም የክለቡ ደንብ መስሏቸው እሺ ብለው በሉ። ጋሽ ሰልማን እስኪጨርሱ ከላያቸው ቆሙ። እኔን ውሃ እንዳመጣ ላኩኝ። ስመለስ መኪናቸው አጠገብ ከብራያን ጋር ቆመው ነበር፤ ብራያን ራሱን ይነቀንቃል። እሱንም ሊያጣሉብን ነው አልኩ።

በሳምንቱ ብራያን ቤታችን መጣ። በሩን ሞልቶት ቆመና፣ «ለጁነዲን ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል ሲባል ሰማሁ። እኔና ዴል እንሂድ?» አለ። ተረጎምኩላት። እናቴ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። ማን እንደነገረው አላወቀችም፤ ያደታ ነው አለች። ያደታ ደግሞ እሷ የነገረችው መሰለው።

«ፈረንጅ ሽማግሌ?» አለችው ያደታን። «ሰው ምን ይለናል?»

«ሌላ ማን አለሽ?»

ያደታ ራሱ መሄድ አይችልም፤ ወጣት ነው፣ ሚስትም የለው። ጀነት ደግሞ ከአባቷ መልእክት አመጣች፤ «እኔ ቤት የሚነገረው አማርኛ ነው።» ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ይህን ስሰማ ምንም አልደነቀኝም። ከመጀመሪያውም ለእኔ መሰጠት ያለበት ሥራ ነበር።

ያደታ እዚያው ጋሽ ሰልማን የሚኖሩበት ብሌንደን ታውንሺፕ፣ አፓርታማቸው ፓርኪንግ ውስጥ ነው ዴልንና ብራያንን ያስተማራቸው። «ጫማ ታወልቃላችሁ። ተቀመጡ ሲሏችሁ አትቀመጡም። ብሉ ሲሏችሁ አትበሉም። ጉዳያችሁ ሳይመለስ ውሃ እንኳ አትጠጡም።»

«ውሃም?» አለ ብራያን።

«ውሃም።»

«ምግቡ ግን ይኖራል?»

«ይኖራል። እያያችሁት ትቆማላችሁ።»

ዴል ክራባት አድርጎ ነበር። ብራያን ሸሚዙ አንገቱ ላይ አልቆለፍ ብሎታል፤ ካልሲው ደግሞ ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል። እንዲህ ሆነን ገባን። ጋሽ ሰልማን ከባለቤታቸው ከእትዬ ሙሉወርቅ ጋር ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ሙሉ ነው። ተቀመጡ አሉን። እንቆማለን አልን። እኔም ቆምኩ።

ዴል ጉሮሮውን ጠረገ። «ጁነዲን ጥሩ ልጅ ነው። ልምምድ አያረፍድም። ኳስ ከያዘ አይለቅም።»

ተረጎምኩ።

«ልጄን የምድረው ለኳስ ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ ሰልማን።

ይህንንም ተረጎምኩ። ዴል ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ያውቁታል ወይ በያቸው። ከሜዳ ውጪ» አሉኝ ጋሽ ሰልማን።

ዴል ብራያንን አየው። ብራያን ጣቱን በሌላኛው እግሩ ሸፍኖ መናገር ጀመረ። «ባለፈው ዓመት በጋ አባቱ ሞቱ። ኮሮና ነበር፣ ጨዋታ የለም፤ ተራርቀን መሮጥ ብቻ ነበር የተፈቀደልን። ጁነዲን መጣ። አልሮጠም። ከሜዳው ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ምን ሆንክ ስንለው ቀብሩን በስልክ አይቶ መምጣቱን ነገረን። ምን እንደሚባል አላወቅንም። ስለዚህ መሮጡን ትተን ተቀመጥን፤ ተራርቀን፣ ሁላችንም፣ እስኪመሽ። በማግስቱም መጣ። በማግስቱም ተቀመጥን።»

የሞቱት አያቴ ናቸው። ያን ቀን እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ አጎቴ የራግቢ ጫማውን አንጠልጥሎ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አባቱ በሞቱ ቀን ሊጫወት ሄደ ብዬ ነበር፤ ለእናቴም ያኔውኑ ነግሬያታለሁ። ቤታችን ለቅሶ የደረሰ ሰው አልነበረም፤ ማን ይመጣል በዚያ ጊዜ። እሱ ግን ለቅሶ የሚቀመጡለት ሰዎች ፍለጋ ነው የወጣው፤ አግኝቷቸዋልም።

ጋሽ ሰልማን እኔ አፌን ሳልከፍት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቀስ ብዬ ተረጎምኩ። ለቅሶ የሚለውን ቃል ብራያን አልተናገረውም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

እትዬ ሙሉወርቅ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ጋሽ ሰልማን ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ሰምተናል» አሉ። «እንመክርበታለን። በሁለተኛው ቅዳሜ ተመለሱ።»

መኪናው ጋ ስንደርስ ዴል ክራባቱን ፈታ። «እምቢ አሉ» አለ። እኔም እምቢ ነው አልኩ። እናስብበታለን ማለት በእንግሊዝኛ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አስተማሪዎቼ በየጊዜው ይሉኛል። ያደታ ግን መሪውን በመዳፉ መታ።

«ተመለሱ ነው ያሏችሁ? ቀን ቆርጠው?»

«አዎ።»

«በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት አለ? ሴት ልጁን የጠላ ነው የሚመስለው። ወላሂ አለቀ በሉኝ።»

አላመንኩትም። ብራያንን የቆጨው የሩዙ ነገር ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ የክለቡ የመጨረሻ ጨዋታ ቀን ሆኖ ተገኘ። ተሸነፉ። ብራያን ጉልበቱን ታመመ። ታጥበው ለመቀየር ጊዜ ስላልነበረ ጆሯቸው ውስጥ ጭቃ እንዳለ ነው የሄድነው። አጎቴ ከያደታ ጋር መኪና ውስጥ ቀረ። እኔ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩት፤ ውጤቱን እንዳይጠይቁ።

ቆምን። ጠረጴዛው ከበፊቱ የበለጠ ሞልቷል። ጋሽ ሰልማን እኔን አዩኝ።

«ዛሬስ ጨዋታው እንዴት ነበር?»

ዴልን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። «ተሸነፉ» አልኩ።

«በስንት?»

«በብዙ።»

«ጁነዲንስ?»

«እስከ መጨረሻው ነበር።»

«በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ አሸነፉ?»

«አንድም ጊዜ አላሸነፉም» አልኩ። ነገሩ በእኔ እጅ ሞተ ብዬ ነበር።

ጋሽ ሰልማን ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «ሰማሽ? አንድም ጊዜ አላሸነፉም፤ ግን አልተበተኑም» አሉ። ከዚያ ወደ ሁለቱ ሰዎች ቀና አሉ። «ልጃችንን ሰጥተናችኋል። ኒካሁን መስጊድ እናስራለን። በላቸው፣ አላህ ያክብራቸው።»

መተርጎሙ ጊዜ ወስዶብኛል። ሦስት ጊዜ ያህል ጀመርኩት። ጨርሼ ቀና ስል ዴል ዓይኑን ጠረገ፤ ብራያን በአንድ እግሩ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከጓዳ በኩል ጀነት ብቅ አለችና በእንግሊዝኛ፣ «አባዬ፣ በቃ፤ የሰውዬው ጉልበት አብጧል» አለች።

ጋሽ ሰልማንም በእንግሊዝኛ፣ ከእኔ በተሻለ እንግሊዝኛ፣ «ብራያን፣ ና እዚህ፣ እግርህን ከፍ አድርገህ ተቀመጥ። መንገዱ አስቸገራችሁ? የነገርኩህን አቋራጭ ያዛችሁ?» አሉት።

«ይዘን ነበር፣ ሰልማን» አለ ብራያን።

ሁለቱንም አየኋቸው። ያኔ ነው መኪናቸው አጠገብ ምን ሲያወሩ እንደነበር የገባኝ። ሽማግሌ ሆነህ ና ያሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«እንግሊዝኛ ይችላሉ?» አልኳቸው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ታክሲ የነዳሁት በምልክት መስሎሻል?»

«ታዲያ ለምን እኔን ያስለፉኛል?»

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉትና ሳህን አንስተው ራሳቸው ምግብ ያነሱልኝ ጀመር።

«በቀጥታ ከተነጋገርን ገበያ ነው የሚሆነው» አሉኝ። «ልጅ ስትጠየቅ መሃል ላይ ሰው ይቆማል። አንቺ ቆምሽ። አሁን ተቀመጪ።»

ዞር ብዬ አየሁ። ዴል ተቀምጧል፣ ብራያን ተቀምጧል፣ አንድ ሰው አጎቴን ሊጠራ ወጥቷል። በቤቱ ውስጥ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ተቀመጥኩ።